በረዶ ሳይቀድማችሁ፦ የትንሽ ካምፐር የውሃ መስመርን ለብርድ ወራት ማዘጋጀት

በብርድ ወራት የተበላሸ ካምፐር (ለጉዞ የሚሆን ተንቀሳቃሽ ቤት) ባለቤት ብዙውን ጊዜ ውሃውን አፍስሷል። ታንከሩ ባዶ ነው፣ ቧንቧው ሲከፈት ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ስለዚህ ሥራው አልቋል ብሎ በሩን ቆልፎ ይሄዳል። ውሃ ግን ጨርሶ አልወጣም። በፓምፑ ውስጥ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቫልቭ፣ በሻወሩ መቀላቀያና ጎማው ከውጭ በሚገጠምበት አፍ ላይ ኩባያ የማይሞላ ውሃ ይቀራል። ጉዳቱን የሚያደርሰው እሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተጻፈው እነዚህን ቦታዎች አንድ በአንድ እንድታገኟቸው ነው።

ውሃ በ32 ፋረንሃይት ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ያድጋል። በቱቦው መሃል የጀመረው በረዶ ከፊቱ ያለውን ውሃ ወደ ተዘጋው ቧንቧ ይገፋዋል፤ መሄጃ ያጣው ውሃ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ደካማውን ቦታ ይሰብራል። የዛሬዎቹ ካምፐሮች በብዛት የሚጠቀሙት ፔክስ የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ትንሽ ስለሚለጠጥ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የሚሰነጠቀው ጠጣሩ ዕቃ ነው፦ የቱቦ መገጣጠሚያዎች፣ የፓምፑ ጭንቅላት፣ የሽንት ቤቱ ቫልቭ፣ የማጣሪያው ዕቃ፣ አንዳንዴም ቦይለሩ ራሱ። ስንጥቁ በረዶው እስካለ ድረስ አያፈስም። በኤፕሪል ውሃ ስትለቁ ግን ከወለሉ ሥር መንጠባጠብ ይጀምራል፣ ቶሎ ካልታየም እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ቫልቭ መቀየር ቀላል ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ወለል መቀየር ነው።

መቼ ይሠራ?

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ በዴንቨርና በኦሮራ ለምትኖሩ፣ ከመስቀል በዓል በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ጥሩ ጊዜ ናቸው። በዴንቨር የመጀመሪያው ውርጭ በአማካይ በኦክቶበር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ሚኒሶታም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ብዙ ጊዜ እስከ ኖቬምበር ድረስ ፋታ አለ። ሌሊት ላይ ለአንድ ሁለት ሰዓት 31 ወይም 30 ፋረንሃይት ቢደርስ ካምፐሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ይሸፍነዋል። ሌሊቱን ሙሉ ከ25 በታች ከቆየ ግን ነገሩ አስጊ ነው።

ዳላስና አትላንታ ያላችሁ "እኛን አይመለከተንም" እንዳትሉ። በፌብሩዋሪ 2021 ዳላስ ከዜሮ ፋረንሃይት በታች ወርዳ የስንት ሰው ቤት ቱቦ ፈነዳ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ አትላንታ ከ10 ፋረንሃይት በታች ገብታለች። የካምፐር ግድግዳ ከቤት ግድግዳ በጣም የሳሳ ነው። ወለሉም ሥር ነፋስ እንደልቡ ያልፋል።

ቀደም ብሎ መጀመር ሌላም ጥቅም አለው። በቀዝቃዛዎቹ ስቴቶች ብዙ መናፈሻዎች በኦክቶበር ውስጥ ውሃቸውንና የቆሻሻ ማፍሰሻ ጣቢያቸውን ይዘጋሉ። እነሱ ከዘጉ በኋላ የሽንት ቤት ታንከር ይዞ ማፍሰሻ ፍለጋ መዞር አድካሚ ነው።

"ውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አብርቼ ላሳልፈው" የሚሉ ሰዎች አሉ። አልመክርም። መብራት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በረዶው በጠናበት ሌሊት ነው፣ ሰው የሌለበት ካምፐር ውስጥ የሚነድ ማሞቂያ የእሳት አደጋ አለው፣ ሙቀቱም ከወለሉ ሥር ያለውን ቱቦ አይደርስም።

የምትገዙትና የምታዘጋጁት

ዋናው ነገር ሮዝ ቀለም ያለው የካምፐር አንቲፍሪዝ ነው፤ በውሃው ምትክ ቱቦው ውስጥ የሚገባ፣ በብርድ ቱቦ የማይሰብር ፈሳሽ ነው። ለትንሽ ካምፐር ከ2 እስከ 3 ጋሎን ይበቃል፤ ይህ ግን ቦይለሩን ካለፋችሁ ነው። ስለ እሱ ወደታች በደንብ እመለሳለሁ። ጠርሙሱ ላይ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚለውን ፈልጉ። በርካሽ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ አልኮል የተቀላቀለባቸው ናቸው። አልኮሉ የፓምፑንና የቧንቧዎቹን ጎሚኒ ያደርቃል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ስለሆነ የተሻለውን ግዙ።

ለመኪና ራዲያተር የሚሆነው አንቲፍሪዝ ወደ ካምፐር የውሃ መስመር በፍጹም አይገባም። ውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ደግሞ ለሕፃናትና ለውሻ ይበልጥ አደገኛ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አታስቀምጡ።

ጠርሙሱ ላይ "ከዜሮ በታች 50" ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ሰው እስከዚያ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ ይመስለዋል። አይደለም። ይህ ዓይነቱ አንቲፍሪዝ 10 ፋረንሃይት አካባቢ ሲደርስ እንደ ገንፎ መወፈር ይጀምራል፤ ቁጥሩ የሚነግራችሁ እስከዚያ ቅዝቃዜ ድረስ ቱቦውን በማይሰብር መልኩ እንደሚቆይ ነው። ሚኒያፖሊስ በጃንዋሪ 2019 ከዜሮ በታች 28 ደርሳ ነበር፣ ስለዚህ 50 የሚለው ለዚያ ከተማም ይበቃል። የሚበቃው ግን ሳይቀጥን ነው። ቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ከተቀላቀለበት መከላከያው ይዳከማል። መጀመሪያ በደንብ እናፍስስ የምለውም ለዚህ ነው።

ከመሣሪያ በኩል የሚያስፈልጓችሁ ለቦይለሩ መክደኛ የሚሆን ቡሶላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የጎማ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ ባልዲና አሮጌ ፎጣ ናቸው። በአየር የምትነፉ ከሆነ ግፊቱ የሚስተካከል ኮምፕረሰርና የአየር ጎማውን ከካምፐሩ የውሃ መግቢያ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ማገናኛ ግዙ። ማገናኛው የካምፐር ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ በጥቂት ዶላር ይገኛል።

1. የቆሻሻ ታንከሮቹን ባዶ ማድረግ

ማፍሰሻ ጣቢያ ሄዳችሁ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የእቃ ማጠቢያና የሻወሩን ታንከር አፍስሱ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ጎማ ያጥበዋል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደግማችሁ እጠቡ። የተረፈ ቆሻሻ በብርዱ ወራት ከደረቀ የታንከሩን መዝጊያ ያጣብቀዋል።

ጀበና ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ የቡና አተላ ካምፐሩ ሲንክ ውስጥ አትድፉ። የካምፐር ሲፎንና ታንከር ጠባብ ነው፣ አተላው ከሥር ይዘቅጥና መዝጊያው ላይ ይከማቻል። ሲንክ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ይህ እጥበት የሚወጣበት የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ እጠቡ።

ተነቃይ የሽንት ቤት ሳጥን ያላችሁ ሳጥኑን አውጥታችሁ እጠቡት። የማጠቢያው ውሃ ለብቻው ትንሽ ታንከር ካለው እሱንም ባዶ ማድረግ አትርሱ።

2. ቦይለሩ

ይህን ደረጃ በእርጋታ ሥሩ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳውም ዕቃ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም አጥፉና ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ከሞቀበት ሰዓታት ይፈልጋል። ማታ አጥፍቶ ጠዋት መሥራት ይሻላል። ከዚያ ፓምፑን አጥፉ፣ የውጭ ውሃ ከተገጠመ ንቀሉ፣ ከውስጥ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱና ግፊቱ እንዲወጣ አድርጉ። ግፊት ያለበትን የቦይለር መክደኛ የፈታ ሰው ፊቱን በሙቅ ውሃ ያስመታል።

ከዚህ በኋላ በካምፐሩ ውጭ በኩል ያለችውን የቦይለር በር ክፈቱና ከታች ያለውን መክደኛ ፍቱ። ቦይለራችሁ ሰብርባን የሚባለው ኩባንያ ሥራ ከሆነ መክደኛው ረጅም ዘንግ ተያይዞበት ይወጣል፤ የሚፈታውም በ1 ከ1/16 ኢንች ቡሶላ ነው። ይህ ዘንግ ዝገቱን በራሱ ላይ ወስዶ የብረቱን ታንከር የሚጠብቅ ነው። አይታችሁ ሦስት አራተኛው ተበልቶ ከሆነ አዲስ ግዙ። አትውድ ወይም ዶሜቲክ ከሆነ ታንከሩ አሉሚኒየም፣ መክደኛው ፕላስቲክ ነው። ዘንግ የለውም፣ መጨመርም አያስፈልገውም። ፕላስቲኩን በኃይል አታጥብቁ።

ከላይ ያለችውን የግፊት ማስተንፈሻ ስታነሱ አየር ስለሚገባ ውሃው ቶሎ ይወጣል። ወደ መጨረሻው ላይ ነጭ ፍርፋሪ ሲወጣ ታያላችሁ፤ ከውሃው የወጣ ኖራ ነው። በቀጭን የውሃ ጎማ ወደ ውስጥ እየረጫችሁ እጠቡት። መክደኛው ካለበት ቀዳዳ በታች ትንሽ ውሃ ይቀራል። አትጨነቁ፣ ከበላዩ ሰፊ ባዶ ቦታ ስላለው ቢሰፋም የሚጎዳው ነገር የለም።

የቦይለሩ ማብሪያ ላይ "ባዶ ነው፣ አይበራም" የሚል ወረቀት አሁኑኑ ለጥፉ። ውሃ የሌለበት ቦይለር በኤሌክትሪክ ከተለኮሰ ማሞቂያው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። በኤፕሪል ካምፐሩን የሚከፍተው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።

3. ንጹሕ ውሃውንና ቱቦዎቹን ማፍሰስ

የንጹሕ ውሃ ታንከሩን ማፍሰሻ ክፈቱ። ካምፐሩ ወደ ማፍሰሻው በኩል ትንሽ ዘንበል እንዲል የፊት እግሩን ከፍ ወይም ዝቅ ብታደርጉት የበለጠ ይወጣል። ቀጥሎ ከካምፐሩ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው፤ አንዳንድ ካምፐር ላይ ሁለቱም ነጭ ይሆናሉ፣ ማፍሰሻቸውም ከውስጥ መቀመጫ ሥር ይደበቃል። የሙቅና የቀዝቃዛው መስመር ዝቅተኛ ቦታዎች ናቸው። ሁለቱንም ክፈቱ።

አሁን በውስጥ ያለውን ሁሉ ክፈቱ፦ የወጥ ቤቱን፣ የመታጠቢያውን፣ ሻወሩን፣ የውጭ ሻወር ካለ እሱንም፣ በሙቅም በቀዝቃዛም በኩል። የሻወሩን እጀታ ወደ ወለል አውርዱት፤ ጎማው ውስጥ ያለው ውሃ የሚወጣው ያኔ ነው። የሽንት ቤቱን ፔዳል ረግጣችሁ ያዙ። በመጨረሻ ፓምፑን ለጥቂት ሴኮንድ አብሩትና ውስጡ ያለውን ይትፋው። ባዶውን ብዙ አታስኬዱት።

የውሃ ማጣሪያ ካለ አውጥታችሁ ጣሉት። ማጣሪያው ውሃ የመጠጠ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ዕቃውን ይሰነጥቃል፣ አንቲፍሪዝ ካለፈበት ደግሞ ለመጠጥ አይሆንም። ዕቃውን ባዶውን መልሳችሁ ግጠሙት።

4. አየር መንፋት

ይህን የሚዘሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን ሚኒሶታና ኮሎራዶ ላለ ሰው አስፈላጊ ነው እላለሁ። የአየሩ ጥቅም አንቲፍሪዙ እንዳይቀጥን የቀረውን ውሃ ማስወጣቱ ነው። በአየር ብቻ መጨረስ ለቨርጂኒያ ቀላል ብርድ ሊበቃ ይችላል፤ ሆኖም አየር የፓምፑን ውስጥ አይደርስም፣ ሲፎኖቹንም አያደርቅም፣ ስለዚህ ለእነሱ ቢያንስ አንቲፍሪዝ የግድ ነው።

የኮምፕረሰሩን ግፊት ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አድርጉ። ከዚያ በላይ ከወጣችሁ ውርጩ ሊሰብረው የነበረውን መገጣጠሚያ እናንተ ትሰብሩታላችሁ። ማገናኛውን የውጭ ውሃ በሚገባበት አፍ ላይ ግጠሙ። ከታች ያሉትን የቀይና የሰማያዊ ማፍሰሻዎች ዝጉ። አየሩን ከመልቀቃችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ቧንቧ የተከፈተ መሆን አለበት፣ ሁሉም ተዘግቶ አየር አትሙሉ።

ሁለት ሰው ቢሆን ይቀላል። አንዱ ውጭ ይቆያል፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ አንድ ቧንቧ እየከፈተ ሌላውን ይዘጋል። መጀመሪያ ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ጭጋግ፣ ከዚያ ደረቅ አየር። ደረቅ እስኪሆን ድረስ ጠብቁና ወደሚቀጥለው እለፉ። ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ዙር ድገሙት፤ ከአንዱ የተባረረ ውሃ ወደ ሌላው ስለሚገባ በሁለተኛው ዙር ገና ይተፋል። መጨረሻ ላይ ከሥር ያሉትን ማፍሰሻዎች ለአፍታ ክፈቱና ዝጉ።

የሽንት ቤት ታንከር ማጠቢያ ለብቻው የጎማ መግቢያ ካለው እዚያም በዝቅተኛ ግፊት ትንሽ አየር ንፉ። ፓምፑ ከዚህ መስመር ጋር ስለማይገናኝ አንቲፍሪዝ አይደርሰውም።

5. ቦይለሩን ማለፍ

ቦይለሩን ሳትለዩ አንቲፍሪዝ ከለቀቃችሁ መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው። የተለመደው ትንሽ ቦይለር 6 ጋሎን ይይዛል። ይህ ማለት 6 ጋሎን አንቲፍሪዝ ያለጥቅም ይባክናል፣ በኤፕሪል ደግሞ ያን ሁሉ አጥቦ ማውጣት ፈተና ነው፣ ጣዕሙም ለሳምንታት አይለቅም። ባዶ የሆነ ቦይለር አንቲፍሪዝ አያስፈልገውም።

ከቦይለሩ ጀርባ፣ በካምፐሩ ውስጥ በኩል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቫልቭ ታገኛላችሁ። ሦስት ከሆኑ ከታች ቀዝቃዛ የሚገባበትንና ከላይ ሙቅ የሚወጣበትን ዝጉ፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን መሃለኛውን ክፈቱ። ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም ወደ መሻገሪያው፣ ማለትም ቦይለሩን አልፎ ወደሚሄደው ቱቦ፣ አዙሩ። አንድ ብቻ ከሆነ ከታች ያለውን አዙሩ፣ ላይኛው በራሱ ያግዳል። ክፍትና ዝግ ሲምታታባችሁ እጀታውን ተመልከቱ፤ ከቱቦው ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ክፍት ነው፣ ከተሻገረው ዝግ ነው። የቦይለሩን መክደኛ በቴፍሎን ጠቅልላችሁ ቀለል አድርጋችሁ መልሱት፣ ወይም ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ክፍቱን የተተወ ቦይለር የሸረሪትና የተርብ መኖሪያ ይሆናል።

ቫልቭ ጨርሶ ከሌላችሁ መሻገሪያው ለብቻው ይሸጣል፣ በአንድ ከሰዓት የሚገጠም ነው። እንዲህ ላለው ካምፐር ከምንም በፊት ይህን ግዙ።

6. አንቲፍሪዙን ማስገባት

ፓምፑን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አልጋ ወይም መቀመጫ ሥር ነው። ከታንከሩ የሚመጣው ቱቦ ፓምፑ ላይ በሚገባበት በኩል ትንሽ ቫልቭና አጭር የመሳቢያ ጎማ ካለ እድለኛ ናችሁ፤ ቫልቩን ወደ ጎማው አዙሩና ጫፉን ጋሎኑ ውስጥ ንከሩት። ከሌለ ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ በእጃችሁ ፈትታችሁ በምትኩ አጭር ጎማ ግጠሙ። በዚያው የፓምፑን መግቢያ ማጣሪያ ከፍታችሁ እጠቡት። አንቲፍሪዙን በንጹሕ ውሃ ታንከሩ በኩል ማፍሰስም ይቻላል፣ ነገር ግን ብዙ ይፈልጋል፣ ከሥር የቀረው ውሃም ያቀጥነዋል።

ቧንቧዎቹን ሁሉ፣ ማፍሰሻዎቹንም ጭምር ዝጉና ፓምፑን አብሩ። እየጮኸ ካልሳበ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ ማለት ነው፦ የማጣሪያው ጎሚኒ በትክክል አልተቀመጠም፣ ወይም የጎማው ማሰሪያ ላልቷል። አጥብቃችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

ከፓምፑ ቅርብ ካለው ቧንቧ ጀምሩ። ቀዝቃዛውን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ከዚያ ደማቅ ሮዝ። ፈዛዛው ሲመጣ አትዝጉት፣ ውሃ የተቀላቀለበት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ያህል ሲደምቅ ዝጉና ሙቁን ክፈቱ። በዚህ መልኩ ሁሉንም አዳርሱ። ሻወሩን በእጀታው በኩል አውጡ። ሽንት ቤቱን ደማቅ ሮዝ እስኪወርድ ርገጡ፤ ከጎኑ የመርጫ ጎማ ካለ እሱንም አስጨርሱት። የውጭውን ሻወር ሰው በብዛት ይረሳዋል፤ በሙቅም በቀዝቃዛም በኩል አስወጡ። ከሥር ያሉትን ሁለቱን ማፍሰሻዎችም ሮዝ እስኪወጣ ለአፍታ ክፈቱ።

መስመሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ተተክቷል ማለት የሚቻለው የውጭ ውሃ መግቢያውም ሲሠራ ነው። እዚያ አፍ ውስጥ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የምታግድ ትንሽ ቫልቭ አለች፣ ከኋላዋም ያለው አጭር ቱቦ ውሃ ይይዛል። በአየር የነፋ ሰው አድርቆት ይሆናል፣ ያልነፋ ግን ይህን ይሥራ። ፓምፑን አጥፉ፣ አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አውጡና መልሳችሁ ዝጉ። ግፊቱ እንዳለ ቫልቯን ከነካችኋት ጎሚኒዋ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በፒንሳ ወንፊቷን ከአፉ ላይ አውጡ። መሃል ላይ ያለችውን ፕላስቲክ ጫፉ በደነዘ እንጨት በቀስታ ገፋ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሌላ ሰው ፓምፑን ለሁለት ሴኮንድ ያብራ። ሮዝ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይረጫል፣ ስለዚህ መነጽር አድርጉ፣ ፊታችሁንም ከአፉ ትይዩ አታድርጉ። ወንፊቷን መልሱ፣ መክደኛውን ዝጉ።

7. ሲፎኖችና ታንከሮች

በእያንዳንዱ ማጠቢያና በሻወሩ ወለል ቀዳዳ አንድ አንድ ትልቅ ኩባያ አንቲፍሪዝ ጨምሩ። ሲፎኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ተክቶ ይቀመጣል፣ ሽታም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል። ሽንት ቤቱ ውስጥ ከታች ያለውን ጎሚኒ የሚሸፍን ያህል ተዉ፣ እንዳይደርቅ። ከቀረው ላይ ለሁለቱ የቆሻሻ ታንከሮች አንዳንድ ሊትር ያህል ልቀቁ፤ መዝጊያዎቹ ጋ የሚቀረውን ትንሽ ውሃ ያግዛል። ማጠቢያው ላይ የፈሰሰውን ሮዝ ወዲያው በጨርቅ ጥረጉ፣ ከቆየ ቀለም ይተዋል።

ፓምፑን አጥፉ፣ ግፊቱን አውጡ፣ ቧንቧዎቹን ክፍት ትታችሁ ውጡ።

ባትሪውን አትርሱ። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ሙሉ ከሆነ የሚኒሶታንም ብርድ ይችላል፤ ባዶ ከሆነ ግን 20 ፋረንሃይት አካባቢ ይቀዘቅዝና ይሰነጠቃል። ሞልታችሁ ንቀሉት፣ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጡት። ከቁም ሳጥኖቹም የውሃ ጠርሙስ፣ ለስላሳና ቢራ አውጡ።

በብርዱ ወራት መሃል ካምፐሩን ይዞ መውጣት የሚፈልግ ሰው መስመሩን መክፈት አያስፈልገውም። የሚጠጣውንና የሚያበስልበትን ውሃ በጀሪካን ይያዝ፣ ሽንት ቤቱንም ከጋሎን በተቀዳ አንቲፍሪዝ ያጥበው።

በኤፕሪል ሲከፈት

የመጨረሻው ከባድ ውርጭ ሲያልፍ የመሳቢያውን ቫልቭ ወደ ታንከሩ መልሱ፣ ታንከሩን በንጹሕ ውሃ ሙሉና እያንዳንዱን ቧንቧ አረፋና ሮዝነት እስኪጠፋ ልቀቁ። ቀጥሎ ቦይለሩን ወደ መስመሩ መልሱት፤ የሦስቱን ቫልቮች አቀማመጥ ገልብጡ። የሙቅ ቧንቧ ከፍታችሁ ያለ መቆራረጥ ውሃ እስኪወርድ ጠብቁ። ቦይለሩ ሞልቷል የሚባለው ያኔ ነው፣ ማብሪያው ላይ የለጠፋችሁት ወረቀትም የሚነሳው ያኔ ነው።

ከዚያ በክሎሪን ማጽዳት። ለ15 ጋሎን ውሃ ሩብ ኩባያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ነው ልኩ፤ 20 ጋሎን ለሚይዝ ታንከር አንድ ሦስተኛ ኩባያ ማለት ነው። በረኪናውን በውሃ በጥብጣችሁ ወደ ታንከሩ አስገቡ፣ ሽታው በእያንዳንዱ ቧንቧ እስኪመጣ ልቀቁና ቢያንስ ለ4 ሰዓት ተዉት፤ ቢያድር ይመረጣል። አፍስሳችሁ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። አዲሱን ማጣሪያ የምትገጥሙት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድማችሁ ከገጠማችሁት ክሎሪኑ ይጨርሰዋል።

በመጨረሻ ፓምፑን አብሩ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉና ጸጥ አድርጋችሁ ስሙ። ፓምፑ ግፊቱን ሞልቶ ይቆማል። ማንም ሳይነካው በየጥቂት ደቂቃው እየተነሳ ትንሽ ከሠራ አንድ ቦታ ያፈስሳል። ደረቅ የወረቀት ፎጣ ይዛችሁ ከፓምፑ ሥር፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ከሻወሩ መቀላቀያ በታች፣ ከቦይለሩ ቫልቮች ዙሪያና ከውጭ ውሃ መግቢያው ኋላ ዳብሱ። ወረቀቱ የረጠበበት መገጣጠሚያ ላልቶ ከሆነ በእጅ አጥብቁት። ካልቆመ ተሰንጥቋልና ክፍሉን ቀይሩ፣ እርጥቡ ወለልም እስኪደርቅ ድረስ ክፍቱን ተዉት።